ስለ ዕፅ ኀይልና ስለ መጠኑ

«ቅጠል ነው፤ ምን ያደርጋል?» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አፍ ይገኛል። ሻጭ ለገዢ ይለዋል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይለዋል፤ እናትም የታመመ ልጇን እያጽናናች ትለዋለች። ከባሕር ማዶ ተጭኖ በሚመጣው ብልቃጥ ላይም ይኸው አሳብ በሌላ አነጋገር ተጽፎ ይታያል፤ ከዕፅ ብቻ የተሠራ ነው፣ ከተፈጥሮ የተገኘ ነው ይላል። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን ቅጠሉ አይደለም። ከብዙ ቅጠል ወይም ከብዙ ፍሬ ኀይሉ ተጨምቆ፣ ተነጥሮ፣ ደርቆ፣ ጥፍር በሚያህል እንክብል ውስጥ የገባ ነው፤ ለሕመምተኛ በሐኪም እጅ የሚታዘዝ መሆኑ ቀርቶ ለጤነኛው ሁሉ ተጨማሪ ምግብ ተብሎ ይሸጣል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው፣ ፈጣሪ ከምድር ያበቀለው ነገር ደግ ከሆነ ኀይሉን አሥር እጥፍ አድርጎ መውሰድ ደግነቱን አሥር እጥፍ ማድረግ ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሰው ያልመረመረውን ነገር «አይጎዳም» ብሎ ለባልንጀራው ቢሰጥና ባልንጀራው ቢጎዳ በደሉ የማን ነው? የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ የሚኖሩ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን የፊተኛውን በቅጡ ያልመለሰ ሰው የኋለኛውን ሊመልስ አይችልም።

ይህን ነገር ለመመርመር ከይፋት የበለጠ ምቹ አገር በቀላሉ አይገኝም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ቆላ ይደርሳል። በላይ በወፍ ዋሻ ደን ኮሶው፣ ጥዱና ዝግባው ቆሞ ይታያል፤ በታች ግራሩና ቁርቁራው፣ ሮቃውም፣ በየደጁ ለጥላ የተተከለው ኒምም ይታያል። እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ ደገኛውና ቆለኛው፣ አርጎባውና አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛል። የዕፅ ዓይነት በተገናኘበት የዕፅ ዕውቀትም ይገናኛል፤ ነገር ግን አንዱ አገር በልማድ የሚያውቀውን መጠን ሌላው አያውቀውምና አደጋውም በዚያው መንገድ ይሻገራል።

በዚሁ ቆላ ትንባሆ ሲመረት መኖሩ የታወቀ ነው። ትንባሆ «ቅጠል ነው» ለሚል ሰው ራሱ መልስ ይሆናል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ኒኮቲን የተባለው ነገር በተነጠረ ጊዜ ጥቂቱ ሰው ይገድላልና፤ ስለዚህም ተባይ እንዲፈጅ በእርሻ ላይ ሲረጭ ኖሯል። የጫቱም ነገር ከይፋት ታሪክ የራቀ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የይፋት ገዢ የነበረው ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ፎከረ የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ይናገራል። ያ ቅጠል ሳይጨመቅና ሳይነጠር እንዲሁ እየተቃመ እንኳ ጉበትን እንደሚጎዳ በሐረር ሐኪም ቤቶች በሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመ ጥናት አመልክቷል፤ ብዙ ዘመንና ብዙ መጠን የቃመው ሰው ከጥቂት ቃሚው ይልቅ ለጉበት በሽታ ቀርቦ ተገኝቷል። ቅጠል መሆኑ አላዳነም።

ነገሩ ሁሉ ይበልጥ የሚገለጠው ግን በኮሶ ነው።

ኮሶ በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ አበባው በሆድ ውስጥ የሚያድረውን ጥገኛ ትል ለማውጣት አባቶቻችን ለብዙ ዘመን የጠጡት ነው። ከአውሮፓ የመጡ መንገደኞች አበሻ ጥሬ ሥጋ ስለሚበላ በየሁለት ወሩ ያህል ኮሶ ይጠጣል እያሉ በመገረም ጽፈዋል። ነገር ግን መንገደኛው ያየው ጽዋውን ነው፤ በጽዋው ዙሪያ የነበረውን ሥርዐት እምብዛም አላየም። አበባው የሴቴው ይመረጣል፤ ዓመት አልፎት ያረጀው ኀይሉ ደክሟል ተብሎ ይተዋል። የሚጠጣው በማለዳ፣ ምግብ ሳይቀመስ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይሠራም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ደጁን የሚያንኳኳበት፣ ዳኛም ቢሆን ና ብሎ የሚያስጨንቀው አልነበረም። ነፍሰ ጡር ሴት አትቀርበውም፤ የደከመና የሸመገለ ሰው ይከለከላል። ሰጪዋ ብዙ ጊዜ የቤት እመቤት ወይም በመንደሩ የታወቀች ባልቴት ናት፤ የጠጪውን ዕድሜና ጉልበት ታያለች፣ ባለፈው ጊዜ ምን እንዳደረገው ታስታውሳለች፣ መጠኑንም በእጇ ትሰፍራለች። ሲያንገዳግደው አጠገቡ ናት።

ይህ ሥርዐት ፍጹም ነበረ ማለት አይደለም። የዱሮውን ነገር ሁሉ የሚያመሰግን ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ከመጠን አልፎ የተጠጣ ኮሶ ዐይን እንደሚያጠፋ በአገራችን የታየ ነገር ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ስለዚሁ የዐይን ጉዳት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ተጽፏል። በኋላም በ1985 በጫጩቶች ላይ የተደረገ ምርመራ ኮሶም፣ የእንቆቆ ዘመድ የሆነ ዕፅም፣ የማየትን ኀይል እንደሚጎዱ አሳይቷል። ስለዚህ ሥርዐቱ አደጋውን አላጠፋውም፤ አጥር ሠራለት እንጂ። አጥር ሲኖርም አንዳንድ ሰው ይወድቃል፤ አጥሩ ከፈረሰ ግን የሚወድቀው ሌላ ቍጥር ነው።

ኮሶ ባሕር ተሻግሮ በሄደ ጊዜ የሆነው ይህ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አበባው ወደ አውሮፓ ተወስዶ በመድኃኒት ቤቶቻቸው መጽሐፍ ተጻፈ፤ ቀማሚዎችም በዱቄቱ ሳይወሰኑ ኀይሉን ለይተው ለማውጣት ደከሙ። ኀይሉ ከአበባው ሊወጣ ይችላል፤ የማለዳው ባዶ ሆድ፣ የዕረፍቱ ቀን፣ የባልቴቲቱ ዐይን ግን ከአበባው ጋራ አብሮ የሚጨመቅ ነገር አይደለም። ዕፅ በተነጠረ ጊዜ ኀይሉ ወደ ብልቃጡ ይገባል፤ ወሰኑ በመንደሩ ይቀራል። ወሰኑን እንደ ገና የሚያበጅለት ሰው ካልተገኘ በቀር ወሰን የሌለው ኀይል በገበያ ይሸጣል ማለት ነው።

የጤና አዳም ነገር ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። በቡና ስኒ ውስጥ አንዲት ቅንጣቢ ጤና አዳም መንከር በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ሽታው ይጣፍጣል፣ ማንንም ሲጎዳ አልታየም። ከዚሁ ዕፅ ተነጥሮ የሚወጣው ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሆድ ያቆስላል፣ ያስታውካል፣ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል፤ ቆዳ ላይ ነክቶት ፀሐይ ቢያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል። ስሙ በሁለቱም ስፍራ ጤና አዳም ነው። ዘይቱን የሚሸጥ ሰው «እናትህ በቡና የምትጠጣው ነው» ቢል ሐሰት አልተናገረም ይሆናል፤ ነገር ግን በእውነተኛ ቃል ሐሰተኛ አሳብ አስገብቷል። እንዲህ ያለው አነጋገር በቅኔ ቤት ቢሆን ብልኀት ይባል ነበር፤ በመድኃኒት ላይ ግን ማታለል ነው።

ከሩቅ አገርም አንድ ምሳሌ መጨመር ይገባል። አረንጓዴ ሻይ በቻይናና በጃፓን ለብዙ መቶ ዓመት የተጠጣ ነው። ከሻዩ ቅጠል ካተኪን የተባለውን ነገር አንጥረው ሰውነት ያቀጥናል እያሉ በእንክብል መሸጥ በጀመሩ ጊዜ ጉበታቸው የታመመ ሰዎች ተገኙ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ነገሩን መርምሮ፣ በልማድ እየተፈላ የሚጠጣው ሻይ በጠቅላላው የሚያሰጋ አለመሆኑን፣ በእንክብል በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሚወሰደው ግን ጉበትን የመጉዳት ምልክት እንደሚያሳይ ገለጸ። በሻይ የሚጠጣ ሰው ግን በአብዛኛው በቀን ከ90 እስከ 300 ሚሊግራም ያህል ብቻ ያገኛል። ሌላም ነገር ታውቋል፤ ይህ እንክብል በባዶ ሆድ በተወሰደ ጊዜ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከፍ ይላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ ሥጋዬ ደከመ ብሎ እህል ሳይቀምስ እንዲህ ያለውን እንክብል የሚውጥ ሰው እንግዲህ ያስብበት።

ስለ ምን እንዲህ ሆነ ቢሉ፣ ሰው የሚበላውና የሚጠጣው ነገር በመንገዱ ላይ ብዙ ዘበኛ አለው። ምላስ አንደኛዋ ዘበኛ ናት፤ የመረረውን ትተፋለች፣ እጅግ የመረረውን ደግማ አትቀበልም። ሆድ ሁለተኛው ነው፤ ቅጠሉን ከገለባውና ከውኃው ጋራ ቀስ እያለ ይፈጨዋል፣ የበዛበትን ይመልሳል። ጉበት ሦስተኛው ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ የመጣለትን መርዝ ይፈታል። እንክብል ምላስን ያልፋታል፤ ምሬት የሚባለው ማስጠንቀቂያ ይቀራል። ገለባው ስለ ሌለ ሆድ አይጠግብም፤ ስለዚህ «በቃኝ» አይልም። ቅጠሉን ራሱን ብላ ቢባል ሰው ሙሉ ቁና ሊጨርስ አይችልም፤ በእንክብል ግን የቁናውን ኀይል በአንድ ጉርሻ ውኃ ይውጠዋል። ያን ጊዜ ጉበት ብቻውን ከጭፍራው ጋራ ይገናኛል። ዕፁም የተፈጠረው ለሰው ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ከነፍሳትና ከአራዊት ራሱን የሚጠብቅበት መርዝ በውስጡ ተሰጥቶታል። ለእርሱ ጋሻ የሆነውን ነገር ነጥሎ የሚወስድ ሰው ከምን ጋራ እንደሚገናኝ ማወቅ ነበረበት።

ለካህናት እንግዳ ያልሆነ ታሪክ በመጽሐፈ ነገሥት ራብዕ ይገኛል። በራብ ዘመን ለነቢያት ልጆች ወጥ ሊሠራ አንዱ ወደ ዱር ወጥቶ የማያውቀውን የዱር ቅል በልብሱ ሞልቶ አመጣና ቀርድዶ በምንቸቱ ጨመረ፤ የቀመሱትም በምንቸቱ ሞት እንዳለ ለኤልሳዕ ጮኹ። የዕፅ ሊቃውንት ብዙዎቹ ያ ቅል ጥቂቱ ሆድ የሚያጠራ፣ ብዙው አንጀት የሚያቆስል መራራ የምድረ በዳ ቅል ነው ይላሉ። በዚህ ታሪክ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ለቃሚው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንድሞቹን ሊመግብ የወጣ ነው። ቅሉም ሰው የሠራው አልነበረም፤ ምድር ያበቀለችው ነው። ሁለቱም ምንቸቱን ከሞት አላዳኑትም። ነቢዩም የጮኹትን ሰዎች «ዕፅ ነው፤ ዝም ብላችሁ ብሉ» አላላቸውም፤ ጩኸታቸውን እውነት ብሎ ተቀበለ፣ መድኃኒቱንም ፈለገ። አንድም፣ የዳኑት ወጡ መራራ ስለ ነበረና ስለ ጮኹ ነው፤ ባይመር ኖሮ ማን ይጮህ ነበር?

መራራ ሳይሆን የገደለ ምንቸት በአገራችን ታይቷልና ይህ ጥያቄ የጨዋታ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ፀዳ እምባ በተባለው መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ የሰው ሆድ እያበጠ፣ ጉበት እየጠነከረ፣ ሰው በሰው ላይ ይሞት ጀመር። በሽታው ተላላፊ ነው ተብሎ ተፈራ፤ ብዙ ዓመት ሙሉ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቆየ። በኋላ መርማሪዎች ከእህሉ ጋራ ተቀላቅሎ ይበላ የነበረ አረም በውስጡ ጉበት የሚያጠፋ መርዝ እንዳለው አገኙ። ያ አረም በአንድ ቀን የሚገድል ቢሆን በአንድ ቀን በታወቀ ነበር። በጥቂት በጥቂቱ ስለ ሠራ ግን ሰው ዛሬ የበላው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲገድለው ምክንያቱን ሊያገናኝ አልቻለም። እንክብል ሻጭ «እኔ ራሴ ወሰድሁት፤ ይኸው ደኅና ነኝ» ሲል የሚዘነጋው ይህን ነው። ረዳኝ የሚሉ መቶ ሰዎች ለመርዳቱ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማንንም ላለመጉዳቱ ግን ምስክር አይደሉም። የተጎዳው በገበያ ቆሞ አይናገርም፤ ተኝቷል፣ ወይም ሞቷል፣ ወይም የጎዳው ምን እንደ ሆነ አላወቀም።

እንግዲህ ዕፅን መጨመቅና ማንጠር ክፉ ሥራ ነውን? አይደለም። ይህን የሚል ሰው ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የወባ በሽተኛ ይይ። በይፋት ቆላ ወባ የቆየ ጠላት ነው። በዱሮ ዘመን በዓለም ሁሉ ለወባ ይሰጥ የነበረው የኪና ዛፍ ልጥ ነበረ፤ አንዱ ልጥ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ስለ ነበረ ሐኪሙ ምን ያህል እንደ ሰጠ አያውቅም ነበር። በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ቀማሚዎች ከልጡ ኪኒንን ለይተው ካወጡ በኋላ መጠኑ በሚዛን የሚታወቅ ሆነ። በእኛም ዘመን ቱ ዩዩ የተባለች ቻይናዊት ከአርቲ ወገን ከሆነ ዕፅ አርቴሚሲኒን የተባለውን መድኃኒት በ1972 አወጣች፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ኢትዮጵያም ከዚሁ የተገኘውን መድኃኒት ከሌላ ጋራ አጣምራ ከ2004 ጀምሮ ለወባ ትሰጣለች። በዚህ ስፍራ ነገሩ ይገለበጣል፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣትን ለወባ አልፈቀደም፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ኀይል ትንሽና የተለያየ ነውና፤ በሽታውን ሳይገድል መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል ተብሎ ተፈርቷል። ቅጠሉ የሚያሰጋበት፣ የተነጠረው የሚያድንበት ጊዜም አለ ማለት ነው።

ታዲያ በኪኒንና በጤና አዳም ዘይት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ከዕፅ ናቸው፤ ሁለቱም የተነጠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ሊገድሉ ይችላሉ። ልዩነቱ ኪኒን በመንደር የቀረውን ወሰን በሌላ ወሰን መተካቱ ነው። ስንት ሚሊግራም እንደ ሆነ ተጽፎበታል፤ ለሕፃን ስንት፣ ለአዋቂ ስንት፣ ለማን ክልክል፣ ከምን ጋራ ክልክል እንደ ሆነ ተመርምሯል፤ የጎዳው ሰው ሲገኝ የሚመዘገብበት መዝገብ አለ። የባልቴቲቱ ዐይን በሚዛን፣ ትዝታዋም በመዝገብ ተተካ። ተጨማሪ ምግብ ተብሎ የሚሸጠው ብልቃጥ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ቤት ወጥቷል። መድኃኒት እንዳይባል መርማሪ ይሸሻል፤ ምግብ እንዳይባል ኀይሉን ያወራል። በአሜሪካ በ1994 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን ነገር ሻጩ ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱን ያስረዳ ብሎ አላስገደደም፤ ጉዳቱን ማስረዳት በመንግሥት ላይ ወደቀ። ኤፌድራ የተባለው ዕፅ የሰው ልብ እየጎዳ፣ ሰውም እየሞተበት እስከ 2004 ድረስ ሳይከለከል የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

በሕሊና ፊት ሲታይ ይህ የተገለበጠ ፍርድ ነው። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ክዳን ያበጅለት ዘንድ ይገባዋል እንጂ የወደቀው ሰው ጉድጓዱ ጥልቅ መሆኑን ያስረዳ አይባልም። የዕፁን ኀይል ያበዛ ሰው አዲስ ኀይል አምጥቷል፤ ኀይሉን ባመጣ መጠን ወሰኑን የማምጣት ዕዳ አለበት። አላወቅሁም ማለት ይህን ዕዳ አይከፍልለትም። አለማወቅ የሚያድነው «አላውቅም» ብሎ የተናገረውን ነው፤ ሳያውቅ «አይጎዳም» ያለው ሰው ግን አለማወቁን እንደ ዕውቀት ሸጧል፤ በዋጋውም ውስጥ የሌለውን ነገር አስከፍሏል።

ዕውቀት ቢኖርም የዕፁ ማንነት ሊሳሳት ይችላል። በቤልጅግ በብራስልስ ከተማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመክሳት ሲሉ ከቻይና የመጣ የዕፅ ዱቄት የወሰዱ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ጠፋ፤ ብዙዎቹም ዘግይተው በነቀርሳ ተያዙ። ምክንያቱ በታዘዘው ዕፅ ፈንታ ስሙ የሚመስል ሌላ ዕፅ መግባቱ ነበር። ቅጠሉ ገና በቅርንጫፉ ላይ ሳለ የይፋት እረኛ እንኳ ከሌላው ይለየዋል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ሊቁም አይለየውም።

ስለ ሽፈራው ደግሞ ጥቂት መናገር ይገባል፤ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚወራለት እርሱ ነውና። በኮንሶና በጋሞ ቆላ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከእህል ጋራ ይበላል፤ ሕዝብ ለብዙ ትውልድ የኖረበት ምግብ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን የኮንሶ ሰው ቅጠሉን የሚበላው ስለሚርበው ነው እንጂ ስኳርና የደም ግፊት ይፈውስልኛል ብሎ አይደለም። ይህን ተስፋ ሰምቶ የቅጠሉን ጭማቂ በእንክብል የሚወስድ ሰው የስኳር መድኃኒቱንም በዚያው ላይ ቢውጥ ሁለቱ ተደራርበው ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ከዚህ የሚከፋው መድኃኒቱን ትቶ በእንክብሉ ብቻ መደገፉ ነው። ምግብን ምግብ ብሎ የተወው ሕዝብ ከነጋዴው ይልቅ ጠቢብ ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ከነቀፋ አያመልጡም። መጽሐፈ ሲራክ መድኃኒት ከምድር መገኘቱን፣ ሐኪምም መከበር እንደሚገባው ይናገራልና የዕፅን ነገር ማወቅ ለሊቅ ነውር አይደለም፤ ከደብተሮች ብዙዎቹ ይህን ዕውቀት ጠብቀው አቆይተውታል። ነገር ግን በምስጢር ጠበቁት። ስሙን ለመሰወር ሥሩን ከቅጠሉ ቀላቅለው፣ ፈጭተው፣ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡ። ምስጢሩ ለሰጪው ክብር ሆነ፤ ለተቀባዩ ግን ሐኪም ቤት በደረሰ ጊዜ «ምን ጠጣህ?» ሲባል መልስ አሳጣው። ብልቃጡን የሚነቅፍ ሰው ቋጠሮውንም መንቀፍ አለበት። ዱሮ ቋጠሮውን የሰጠው ሰው ቢያንስ በዚያው መንደር ይኖር ነበር፤ ጠጪው ቢሞት ለቅሶ ይቀመጥ ነበር፣ የሟቹን ወንድም ዐይን ያይ ነበር። እሑድ በሰንበቴ ሸጦ ሰኞ በሌላ ገበያ የሚያድር ሰው ይህ ፍርሀት እንኳ የለበትም። አንዳንዱም «የገዳም መድኃኒት» እያለ የቅዱስ ስፍራ ስም በብልቃጡ ላይ ይለጥፋል፤ ስሙን የተበደረበት ገዳም ብዙ ጊዜ ነገሩን አያውቀውም። የሚያውቅ ካህን ቢኖርና ዝም ቢል ከሻጩ ጋራ ተካፋይ ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አለ፤ የሚቆጣጠር ባለሥልጣንም አለ። ነገር ግን ባለሥልጣን በየገበያው፣ በየሱቁ፣ ከባሕር ማዶ ዘመድ በሚልከው ሻንጣ ውስጥ ሁሉ አይገኝም። የወሬው ፍጥነት ከሕጉ ፍጥነት ይበልጣል።

ስለዚህ ነገሩ በመጨረሻ በአንድ ጥያቄና በአንድ መልስ መካከል ይወድቃል። ዐይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰው ከገጠር ወደ ሸዋ ሮቢት ሐኪም ቤት ይመጣል እንበል። «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ይሉታል። «የለም» ይላል። አልዋሸም፤ እንክብሉ በእርሱ ዘንድ ምግብ ነው፣ ቋጠሮውም ቅጠል ነው፣ መድኃኒት የሚለው ሐኪም የሚሰጠውን ብቻ ነው። ጠያቂው ቅጠልም፣ ሥርም፣ ዱቄትም፣ ዘይትም፣ እንክብልም እያለ በየስሙ ካልጠየቀው በቀር እውነቱ አይወጣም። ሰውየውም ነቀፋ ፈርቶ ለሐኪም የሰወረውን ለንስሓ አባቱ ሳይነግር አይቀርም። ይህን የሰማ ካህን መስቀል ካሳለመ በኋላ ብልቃጡን ከተረፈው እንክብል ጋራ፣ ቋጠሮውንም ሳይፈታ፣ ይዞ ወደ ሐኪሙ እንዲሄድ ይንገረው፤ ቢቻለው አብሮት ይሂድ።